ፈላጊ የለውም ተብሎ ስለተራገፈው የአባቴ አንባቢ

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፦

ከሁሉ በፊት እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቅርቡ በእጅዎ የጸዱት ኮምፒውተሮችም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ዓይንዎና ጆሮዎ አንድ ቀን እንኳ እንዳይጎድሉብዎ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ በመስኮቱ ጥግ ባለው ኮምፒውተር ላይ ጠዋት ጠዋት የሚቀመጡት ዓይነ ስውር አዛውንት ልጅ ነኝ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው የሰው ስሕተት ሲለቅሙ ኖረው ዓይናቸው ሲጠፋ፣ የቀራቸው ደስታ እዚያ ኮምፒውተር ላይ የተጫነው፣ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብላቸው ፕሮግራም ነበር። ማጥበቅና ማላላት ስለማይሆንለት "አንተ ልጅ፣ ጠበቅ አድርገው እንጂ!" እያሉ ይቆጡታል፤ ትክክለኛውንም አነባበብ በትዕግሥት ያስገቡለታል። እናቴ ካረፉ ወዲህ እንዲህ የሚቆጡት ሰው አልነበራቸውም።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተሮቹን ሥርዓት ሲያድሱ፣ ማንም የማይፈልጋቸውን ፓኬጆች፣ ማለትም የፕሮግራም ጥቅሎች፣ ጠርጎ የሚያወጣውን ትእዛዝ ስለሰጡ አመሰግናለሁ። ባልደረባዎ እንዳስረዱኝ፣ አንባቢው የተጫነው ሌላ ፕሮግራም ተከትሎ ስለነበር ያኛው ሲራገፍ ይኸኛው "ፈላጊ የሌለው" ተብሎ ተቆጠረ። ለካ ለኮምፒውተር ፈላጊ ማለት ሌላ ፕሮግራም ነው እንጂ ሰው አይደለም። ያም ሆኖ ጨዋ ነውና ከማጥፋቱ በፊት ዝርዝሩን አሳይቶ "ልቀጥል?" ብሎ ጠይቋል። እርስዎም ሥራ ስለሚበዛብዎ ሳያነቡ "አዎ" ብለውታል።

፪. አባቴ አንባቢው ጸጥ ሲልባቸው ኮምፒውተሩን እኔው አበላሸሁት ብለው ደነገጡ። ሰው ላለማስቸገር ለማንም ትንፍሽ ሳይሉ፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ እንደሚያዳምጥ ሰው አልፎ አልፎ ራሳቸውን እየነቀነቁ ለሳምንታት ተቀመጡ። አንድ ቀን ልወስዳቸው መጥቼ፣ ምን እንደሚሰሙ ልስማ ብዬ ማዳመጫውን ወደ ጆሮዬ ባስጠጋው ጭጭ ብሏል። "እባክሽ እንዳትነግሪያቸው፤ ካወቁ ሁለተኛ አያስቀምጡኝም" አሉኝ። መደርደሪያው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ለመደርደሪያዎቹም ምስጋናዬ ይድረሳቸው፤ ሰው ይሸሽጋሉ።

፫. ስለ ጥንቃቄዎ ደግሞ ምን ልበል? ፕሮግራሙን ማራገፍ ብቻ በበቃ ነበር፤ እርስዎ ግን በውስጡ ከተቀመጠው ማስተካከያ ሁሉ ጋር ድራሹ እንዲጠፋ አዘዙ። የአባቴን ልመና ጥሼ ብነግራቸው፣ ባልደረባዎ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ በአንድ መስመር ትእዛዝ መልሰው ጫኑት። አባቴ ለዓመታት ያስገቡት እርማት ግን አብሮ ሄዷል፤ ቅጂም አልተቀመጠለትም። አሁን አንባቢው እንደ መጀመሪያው ቀን እየተሳሳተ ያነባል፣ አባቴም እየሰሙ ዝም ይላሉ። "ያርሙት እንጂ አባባ" ብላቸው "ተይው ልጄ፣ ደግሞ ያጠፉታል" አሉኝ። ከዚህ ሳምንት ወዲህ ጭራሽ አልሄድም ብለው ቤት ተቀምጠዋል።

ልቤ ተሰብሯል፤ በጨዋ ቋንቋ ልሸፍነው ብሞክርም አልሆነልኝም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እባክዎ ቤታችን ድረስ ብቅ ብለው ጥፋቱ የእርሳቸው እንዳልሆነ በራስዎ አንደበት ይንገሯቸው። እኔ ብነግራቸው የልጅ ማጽናኛ እየመሰላቸው አላምን ብለውኛል።

ለጽዱ ኮምፒውተሮችዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ውድ ጊዜዎን በማንበብ ስላባከንኩብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣

የአራሚው ልጅ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ "ከሚጠፉት ፕሮግራሞች የሚፈልገው ያለ ሰው አስቀድሞ ያመልክት፤ ያላመለከተ እንደተስማማ ይቆጠራል" የሚል ማስታወቂያ በደማቅ ቀለም አሳትመው መግቢያው በር ላይ አስለጥፈው እንደነበር ሰማሁ። እውነት ነው፣ ተለጥፎ ነበር። አባቴ በየጠዋቱ በሩን ሲገፉ መዳፋቸው የሚያርፈው እዚያው ወረቀት ላይ ነበር።