የሮይ ድምፅ ያለበት ሸክላ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

የጋዜጣ ዓምዴ ግማሽ ላይ ቆሟል። ሰርግ ሁለት፣ ልደት አንድ፣ ማን ከማን ጋር ምሳ ሲበላ ታየ የሚል ጨዋ ሐሜት። ዋና ወሬ የለም። ላለቅስ ስል አስቴር ደወለች።

አስቴርን ታውቂያታለሽ፣ ማስታወሻዬ። ጴንጤዋ ጓደኛዬ፣ በኤጀንሲ ተቀጥራ አረጋውያንን በየቤታቸው የምትንከባከበው። አሁን የያዘቻቸው ሚስተር ዶይልን ነው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ታከር የሚባል ቦታ። አባባ ነው የምትላቸው፤ ፈረንጁም ለምደውት «አባባ» ሲባሉ አቤት ይላሉ። በጊዜያቸው የካንትሪ ሙዚቃ ኮከብ ነበሩ! ዛሬ መስኮት ሥር፣ አልጋ ላይ። ልባቸው ደክሟል። ሐኪሙ ሳምንታት ነው የሚለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ገና ስም ሳያወጡ፣ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው፣ ከታላቅ ወንድማቸው ከሮይ ጋር በአንዲት የገጠር ራዲዮ ጣቢያ ጎህ ሲቀድ ይዘፍኑ ነበር፤ በዱቄት ማስታወቂያ መሐል። ጣቢያው ሦስት ሸክላ ቀረጸላቸው። ቅጂ የለውም። ሮይ በዚያው ዓመት መኪና ተገልብጦበት ሞተ። ድምፁ የቀረው እነዚያ ላይ ብቻ ነው። አባባ ከመሞታቸው በፊት አንዴ መስማት ይፈልጋሉ፤ ቤቱ ውስጥ ማጫወቻ የለም።

አስቴር ዘፈን አታንጎራጉርም። አንቺ ዓለማዊ ስለሆንሽ የሚያጫውት ሰው አታጪም አለችኝ። እንደ ምርቃት ወሰድኩት።

ከሰዓት፣ 9 ሰዓት

ሄጄ መጣሁ። አባባ በገዛ እጃቸው ሰጡኝ። ሦስቱንም ቆጥረው። በፎጣ ጠቀለልኩ፣ ሳጥን ውስጥ አስገባሁ፣ ማንም ዕቃ እንዳይጭንበት በትልቁ «ሸክላ» ብዬ ጻፍኩበት።

ፓይን ሌክ ሰፈር የሚኖሩት ጋሽ መርዕድ ዘንድ ደወልኩ። ጡረታ የወጡ የራዲዮ ቴክኒሺያን። እነዚያ ነገሮች ጠንካራ እንዳይመስሉሽ አሉኝ፤ ውስጡ ብረት፣ ላዩ ስስ ጥቁር ቅብ ነው፣ መርፌው በሄደ ቁጥር ይፍቀዋል። አንዴ ብቻ ይጫወታል፣ እሱም እየተቀዳ። ሐሙስ ነይ።

የዓምዱን መግቢያ ጀመርኩ፦ «ታከር ውስጥ አንዲት እህታችን ማንን እየጦረች እንደሆነ ብታውቁ...» ጥሩ ነው። ያነድዳል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። 5 ሰዓት

የለም። ጋሽ መርዕድ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ፣ የኋላውን ከፈትኩ፣ ባዶ።

ትናንት። የአስቴር ቤ/ክ ባዛር። ታከር ካሉ ሰዎች የተለገሰ የወጥ ቤት ዕቃ በኔ መኪና ነው የሄደው፤ ድስት፣ ሰሃን፣ አራት ሳጥን የጥብስ ሸክላ። ወንድሞች መጥተው አወረዱ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ስልክ አወራ ነበር። የማን ወሬ እንደነበር እንኳ አላስታውስም።

አምስተኛ ሳጥን አወረዱ። ለምን አያወርዱ? ተጽፎበታል።

ጋሽ መርዕድ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሸክላ ብለሽ ጻፍሽበት?» አሉ። አዎ አልኩ። መነጽራቸውን መጥረግ ያዙ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ጠዋት

የአባባ ልጅ ሊንዳ ከሩቅ ከተማ መጣች። ሸክላዎቹ ይቀመጡበት የነበረውን አልጋ ሥር አየች። የአባቴ ሸክላዎች የት ናቸው? አባባ ከትናንት ጀምሮ ብዙውን ሰዓት ይተኛሉ፣ አይመልሱም። አስቴር አሁን የት እንዳሉ አላውቅም አለች። ውሸት አይደለም። የኔን ስም ግን አልጠራችም፤ ባዕድ ሰው ቤት አስገብታለች፣ ያ ራሱ ጥፋት ነው።

ሊንዳ ኤጀንሲው ጋ ደወለች። ማክሰኞ 4 ሰዓት አስቴርን ጠርተዋታል። ስርቆት የሚል ቃል ፋይሏ ላይ ከገባ ማንም ቤቱ አያስገባትም። አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበት ሥራ።

ስሜን ንገሪያቸው አልኳት። ዝም ብለሽ ፈልጊ፣ እኔ እጸልያለሁ አለች። አላለቀሰችም። ድምፅዋ ደረቀ ብቻ።

መግቢያዬን አነበብኩት። ደግሞ «አንዲት እህታችን»! ሰው ሁሉ ማን እንደሆነች ያውቃል። አላጠፋሁትም። ላንቺ አልዋሽም፣ እስካሁን አላጠፋሁትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9። 11 ሰዓት

አገኘሁ። አገኘሁ ማለት ከተቻለ።

ከአምልኮ በኋላ የባዛሩን ኃላፊ ያዝኳት። ሸክላውን በሙሉ፣ ሳጥኑን እንኳ ሳትከፍት፣ ኖርክሮስ የሚባለው ሰፈር ያለችው ጽጌ ወስዳዋለች፤ ለምግብ ቤቷ፣ ለሸክላ ጥብስ። በረርኩ።

ጽጌ ስለ ቤቷ ልጽፍ የመጣሁ መስሏት አቀፈችኝ፣ ጥሩው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችኝ። ሳልናገር ጥብሱ መጣ። ሸክላው ፍሙን ይዞ፣ እየተንቻቻ። ከሥሩ ጥቁር ክብ ነገር። መሐሉ ላይ ቀዳዳ።

«አየሽልኝ የኔ ቆንጆ? ሸክላ በሸክላ ላይ! ማንም ጋ የለም። ፖስት አድርጊልኝ» ትላለች እየሳቀች።

እጄን ሰደድኩ፤ ተቃጠልኩ። ቅቡ አረፋ እንደያዘ ቀለም ተነፋፍቷል። ሁለተኛው ማጠቢያው ውስጥ ነበር፣ ትኩስ ውሃና ሳሙና፣ ጥቁሩ እንደ ቅርፊት እየተላጠ። ሦስተኛውን ግን የዱቄት ከረጢት ሥዕል ስላለበት ወዳው ከሒሳብ መቀበያው በላይ ሚስማር ላይ ሰቅላዋለች። አልተነካም።

ነገርኳት። ጽጌ አፏን ያዘች። «የሞተ ሰው ድምፅ ላይ ነው ጥብስ ሳቀርብ የሰነበትኩት?» አለች። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ ራሷ አወረደችው፣ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ሁለታችንም ጥብሱን አልነካነውም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። 4 ሰዓት

ፓይን ሌክ። ጋሽ መርዕድ ሸክላውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረጉ፣ መርፌውን አስቀመጡ። ሽሽታ። ሽሽሽ የሚል ረጅም ሽሽታ። ከዚያ ጊታርና አንድ የልጅ ድምፅ፣ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ። አባባ ብቻ። ሌላ ዘፋኝ የለም። ሮይ ያለው እነዚያ ሁለቱ ላይ ነው ማለት ነው። ተቀምጬ ወለሉን አየሁ።

ጋሽ መርዕድ ጣታቸውን አነሡ። ከተቀዳው ላይ መጀመሪያውን መለሱልኝ። ዘፈኑ ሳይነሣ፣ ሽሽታው ውስጥ፣ ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው። እግር ወለል ሲመታ። ከዚያ ወፈር ያለ፣ ሳቅ ያለበት ድምፅ፦ ቀስ በል ዶይል፣ ላሞቹ ገና አልተነሡም።

ይኼው ነው። ሮይ ይኼው ነው።

9 ሰዓት

ታከር። ሊንዳ ነበረች፣ አስቴርም። አስቴር ዘፈን ነውና ልውጣ ትላለች ብዬ ነበር፤ አልወጣችም። የአባባን ትራስ ከፍ አደረገች፣ እኔ ቅጂው ያለበትን ስልኬን ከጆሯቸው አጠገብ ያዝኩ።

ሽሽታ። ጉሮሮ። ቀስ በል ዶይል።

አባባ ዓይናቸውን ገለጡ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ነበር። ደግመሽ አሉኝ። ደገምኩ። ደግመሽ። ዘፈኑን አልፈለጉትም፤ እዚያች ላይ ስንደርስ ጣታቸውን ያነሣሉ፣ እመልሳለሁ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ሊንዳ ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች። እኔ አጎቴን ሰምቼው አላውቅም ነበር አለች።

ከዚያ ፊቷን ጠረገች። የት ተገኘ? ሌሎቹ ሁለቱስ?

አስቴር ወደ መሬት አየች። እኔ፣ ይኼ አፌ፣ የሰው ገመና ሲሆን የማያርፈው፣ ተዘጋ። እየተፈለጉ ነው አልኩ። እየተፈለጉ ነው! ሁለቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ፣ አንዱ የተቃጠለ፣ አንዱ የተላጠ።

አስቴር በሩ ድረስ ሸኘችኝ። እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ አባባን አስደሰትሻቸው አለችኝ። የምሯን ነው። መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ፣ ማስነሣት አቃተኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከጠዋቱ 1 ሰዓት

መግቢያውን አጠፋሁት። አዘጋጁ ቦታው ምን ሊሞላ ነው ይለኛል፤ ባዶ ይሂድ።

አባባ አሉ፣ አሁን ለአስቴር ደወልኩ። ተኝተዋል። ሌሊቱን አንዴ ነቅተው ላሞቹን ጠየቁ አለች።

4 ሰዓት ሳይሞላ ኤጀንሲው ጋ ነኝ፣ ከአስቴር በፊት። ሁለቱን ሸክላዎች ይዣለሁ፤ ሊንዳም ትመጣለች፣ ፊቷ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። እጄ ላይ ያለውን ቃጠሎም ታየዋለች። በአፍ ከሆነ አሳምሬ፣ አሹሬ፣ ራሴን አድኜ ነው የማወራው፣ አውቀዋለሁ። ስለዚህ በጽሑፍ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ተቀምጬ ያለሁት አንድ ቃል ላይ ነው፤ ድስቱም ዘፈኑም በኛ ቋንቋ አንድ ስም እንዳላቸው ለፈረንጅ እንዴት ይጻፋል? ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ሁሉም ሰበብ ይመስላል።

ማብራሪያው ይቆይ። መጀመሪያ የሚመጣው ይኼ ነው፦

ውድ ሊንዳ፣ አባትሽ ሸክላዎቹን በእጃቸው የሰጡት ለእኔ ነው። ሁለቱን ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። ሳጥኑ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አስቴር ምንም አልሰረቀችም።