ሽማግሌ ልከን ስላስደነገጥንዎ

አትላንታ፣ ጃንዋሪ 2014

ለተከበሩ የአትላንታ ቀበሮዎች የበረዶ ሆኪ ክለብ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ያለማቋረጥ ለሚሸነፈው ቡድንዎ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ገሠሠ ክፍሌ እባላለሁ፤ በአትላንታ ዳርቻ የምትገኘው የስማይርና ነዋሪ፣ በሙያዬ ነርስ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሽማግሌ ነኝ። የምጽፍልዎ እዚሁ ስማይርና ተወልዶ ስላደገውና ሐሙስ ዕለት ስላሰናበቱት አጥቂዎ፣ ስለ ናትናኤል ነው። ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አዘጋጅቼዋለሁ።

1. በመጀመሪያ ልጃችንን ስላስፈረሙልን እናመሰግናለን። ደንዉዲ መንገድ ዳር ፎቶውን በትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሰቅለው ከሥሩ በአማርኛ «ይህ ቡድን የእናንተ ነው» ብለው ባስጻፉ ጊዜ፣ ፊደላችንን በዚያ ቁመት አይተን ስለማናውቅ መኪናችንን እያቆምን ፎቶ ተነሣን። በረዶን ከፍሪጅ ውጪ ማየት የማይወዱ እናቶች ሳይቀሩ ጋቢያቸውን ደርበው ጨዋታ ገቡ። ልጁ ግን ውድድሩን እንደ እኛው ተቀምጦ ተመለከተ። የእሱ ወንበር ወደ በረዶው ቀረብ ማለቱን አልክድም።

2. በቡድንዎ ፊንላንዳውያኑ በፊንላንድኛ፣ ሩሲያዊው በሩሲያኛ፣ የካናዳዋ ኩቤክ ልጆች በፈረንሳይኛ እርስ በርስ እንደሚነጋገሩና ይህም የሆኪ ወግ እንደሆነ ተረድተናል። ናትናኤል ለቤተ ክርስቲያናችን ሬዲዮ ጥቂት በአማርኛ ቢናገር ግን የቡድኑን አንድነት አናግቷል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። አማርኛ ለመንገድ ዳር እንጂ ለአፍ እንዳልተፈቀደ ቀድመው ቢነግሩን ኖሮ ልጁን ዝም በል ብለን እንመክረው ነበር።

3. ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በእኛ ዘንድ ቅሬታ ሲኖር ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ ቀጠሮ አይዝም፤ ጉዳዩም እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም። በዚሁ ወግ አቶ ነጋሽ፣ አቶ ኡራኤልና እኔ ሙሉ ልብሳችንን ለብሰን፣ ለልጁም ሳንነግር፣ ደጅዎ ቆምን። ግቡ ተባልን፤ ገባን። ተቀመጡ ሲሉን፣ ልጁን እንደሚያጫውቱት ቃል ካልሰጡን አንቀመጥም አልን። እርስዎም ወንበር እምቢ ያሉ ሦስት ባለ ከረባቶች ሲያዩ፣ ልጁ በድብቅ የቀጠራቸው ወኪሎች ለድርድር የመጡ መሰለዎትና ውል አፍርሷል ብለው አሰናበቱት። የእኛን ጥፋት በእሱ መለጠፍዎ፣ በአገራችን አባባል የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው።

ያን ዕለት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ኮንትራክቴን ካንስል አደረጉት እኮ። ለማሚ አንተ ንገራት፣ ፕሊዝ» አለኝ። ሁልጊዜ አንቱ የሚለኝ ልጅ አንተ ሲለኝ ምን ያህል እንደተሰበረ ገባኝ። እናቱ ወይዘሮ አሰፋሽ ከልጅነቱ ጀምሮ ገና ሳይነጋ ወደ በረዶ ሜዳ ያመላለሰችው ሴት ናት። ነገርኳት። ልጄን ያስባረራችሁት እናንተ ናችሁ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ክቡርነትዎ፣ በጣም ተናድጃለሁ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ፣ ጥፋተኞቹ እኛ ሦስታችን ነንና ዕድሜ ልካችንን ደጅዎን እንዳንረግጥ ይከልክሉን፤ ልጁን ግን ይመልሱት። ሆኪ የሚያውቅ የስማይርና ልጅ ከፊንላንድ አይመጣም።

እግዚአብሔር ማስተዋሉን እንዲያበዛልዎ፣ ለቡድንዎም አንዳንድ ጎል እንዲጨምርለት እየጸለይኩ፣ ወንበር ስላቀረቡልን ደግሜ የማመሰግንዎ አክባሪዎ፣

ገሠሠ ክፍሌ፣ ከስማይርና

ማሳሰቢያ፦ ክለብዎ የአገሬን ሰው በገዛ ቋንቋው እንደሚያስተናግድ ሲናገሩ ስለሰማሁ ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ጽፌዋለሁ። የሚያነብልዎ ካጡ አይፍረዱብኝ፤ በክለብዎ አማርኛ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ነበረዎት፣ እሱንም አባረሩት።