ከሾርባው የአንቺ ድርሻ

ወላይታ ሶዶ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

የምወድሽ ልጄ በእምነት፣

ጌታ ይመስገን፣ አለን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልክሽን ያላነሳሁት ተቀይሜሽ አይደለም። ነገሩን በስልክ እንዳልነግርሽ እናትሽ ከአጠገቤ ናት፤ ዓይኗ ቢደክም፣ ቀኑም ቢምታታባት፣ ጆሮዋ እንደ ድሮው ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን ሣራ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

እናትሽ ምግብ እንቢ ካለች መቆየቷን ታውቂያለሽ። እዚያ ጣሊያን የምትጦሪያቸው አሮጊት የሚወዱትን የቲማቲምና የዳቦ ሾርባ አሠራር በድምፅ የላክሽልኝም ለዚሁ ነበር። አርባ ዓመት ሳስተምር ጓዳ ገብቼ የማላውቅ ሰው፣ ድምፅሽን ስምንት ጊዜ ሰምቼ በደብተር ጻፍኩት።

"የሦስት ቀን ዳቦ ይሁን" ብለሽ ነበር። ለታመመ ሰው የቆየ ዳቦ? ነውር መሰለኝና ትኩስ ገዝቼ ጨመርኩበት። ላቆጠ። ሣራ ድስቱን ከፍታ አየችና፣ "መምህር፣ ይሄ ለሰው ነው ወይስ ለግድግዳ ምርጊት?" ብላ ሳቀችብኝ።

ሁለተኛ ስሞክር ግን ዳቦውን ቆራርሼ ወንፊት ላይ ሦስት ቀን አሰጣሁት። ነጭ ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ ከሻንቶ ገበያ የመጣ ቲማቲም ልጬና ከትፌ፣ ዳቦውን ጨምሬ በቀስታ አበሰልኩት። ባልሽው የወይራ ዘይት ፋንታ ቅቤ አደረግሁበት፤ በእኛ ቤት ለታመመ ሰው ያለ ቅቤ ማቅረብ እጄ እንቢ አለኝ። ከአጥሩ ሥር የበሶብላ ቅጠል ቆርጬ በላዩ በተንኩ። አማረልኝ።

እናትሽ ግን አፏን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በጣም ደክሞኝ ነበር፣ ልጄ። ተናድጄም ነበር። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም፣ "በእምነት መጥታ የሠራችው ነው" አልኳት።

ዞረች። በላች። ሳህኑን ጠረገችው።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እሠራለሁ፤ በየቀኑም እዋሻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ! ስልክሽን ባነሳ ድምፅሽን ሰምታ ሩቅ መሆንሽን ታውቃለች። በቀደም ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣

"ልጄ ለምን ከጓዳ አትወጣም?" አለችኝ።

"እጇን እየታጠበች ነው።"

"ስትጨርስ ትምጣ።"

ማክሰኞ ደግማ ስትጠይቀኝ "ገበያ ሄዳለች" አልኩ። ነገ ምን እንደምላት አላውቅም።

ነይ አልልሽም። የመኖሪያ ወረቀትሽ ሳይወጣ ከተነሳሽ መመለሻ እንደሌለሽ፣ አራት ዓመት የለፋሽበት ሁሉ ሜዳ ላይ እንደሚቀር አውቃለሁ። ሐኪሙም በደንብ ከበላች ትበረታለች ብሏል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ልል ነበር፤ ግን ካለፈው ዓርብ ወዲህ ሳህኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ ትገፋዋለች። ልብሷም እየሰፋት ነው።

"ይሄ የልጄ ነው" ትለኛለች። "ሠርታ ሳትበላ ልትቀር?"

ብለምናት አትነካውም። ግማሹን ወደ ጓዳ እመልስና በሩን ዘግቼ፣ ቆሜ እበላዋለሁ። ባዶውን ሳህን ይዤ ስመለስ ድምፄን ትጠብቃለች።

"በላች?"

"በላች" እላታለሁ። ያኔ ትተኛለች።

የሰው እናት የምታጎርሺበትን እጅሽን ጌታ ይባርከው።

አባትሽ
መምህር ሶርሳ