የአባባ ልብና የአጥሩ ቅጠል

ሰኞ፣ ጥር 4
ላቦራቶሪ ቆሜ ዋልኩ። እግሬ አብጧል። ግን ምን አለ! ስኳር ካለባቸው አይጦች አንዷ፣ የቅጠሉን ጭማቂ ስትጠጣ የከረመችው... ኦክስጅን ስዘጋባት ልቧ ቀጥ አለ። ስመልስላት ተነሳና መምታት ጀመረ! ቅጠሉን ያልጠጣችው ግን ልቧ በዚያው ቀረ።

እራት ላይ አፌ አላርፍ አለኝ፣ ለአባባ ነገርኩት። "ዳነች! ኦክስጅኑ ሲመለስ ልብን የሚያቃጥለውን ነገር ቅጠሉ ያበርደዋል፣ አንቲኦክሲደንት አለው" አልኩት።
"ያ አጥራችን ላይ የሚንጠላጠለው ሐረግ?" አለ፣ ማንኪያውን አስቀምጦ።
እሱም ስኳር አለበት... ደስ ይበለው ብዬ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 15
አጥሩ ተመልጧል። ፍየል ገባ እንዴ?
"ፍየሉ እኔ ነኝ" አለ አባባ እየሳቀ። ያንን አንቲ ምናምን እየቀቀለ ይጠጣል። ይጠጣ። ቅጠል ምን ያደርገዋል?

እሑድ፣ ጥር 24
ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ላብ በላብ።
"ደረትህን ያምሃል?"
"ኧረ ምንም! ደከመኝ እንጂ።"
ፍሪጁን ከፈትኩ። የኢንሱሊኑ ብልቃጥ አልተነካም።
"ምነው አባባ? መርፌህን ተውክ?"
"አይጦችሽ መርፌ ይወጋሉ እንዴ?"
ይወጋሉ! ሁሉም ይወጋሉ! እኛ ዘንድ የታወቀ ነገር ስለሆነ ማንም አያነሳውም... ለአባባ ማን ነገረው ታዲያ? ወይ እኔ! ታክሲ ጠርቼ ሐኪም ቤት ይዤው በረርኩ።

ሰኞ፣ ጥር 25
ሀርት አታክ ነው አለች ሐኪሟ። ደረቱን ሳያመው? "ስኳሩ ነርቩን ሲያደነዝዘው ሕመሙ አይሰማም።" ቀጥላ ደግሞ፣ "ጉዳቱ ግን ከፈራሁት ያነሰ ነው።"
ያነሰው በቅጠሉ ነው? ወይስ ቅጠሉ መርፌውን ባያስተወው ጭራሽ አይመጣም ነበር? ሁለቱም? ዞረብኝ። አለቃዬን ብጠይቀው "በአንድ ሰው ምን ይታወቃል?" አለኝ። አንድ ሰው! አባቴ እኮ ነው!

ቅዳሜ፣ የካቲት 7
ከሐኪም ቤት ወጥቶ ቤቱ ገባ። ሸሚዙ ሰፍቶታል።
"ቅጠሉ ረዳኝ ወይስ ጎዳኝ?"
"አላውቅም፣ አባባ።" ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ እንዲህ ብዬው አላውቅም።
ከዚያ፣ "በይ እንግዲህ ያቺን የዳነችውን አይጥ አንድ ቀን ወስደሽ አሳዪኝ። ልያት።"
"የለችም... ልቧን አውጥተን፣ ቱቦ ላይ ሰክተን ነው የምንሞክረው።"
አፈጠጠብኝ። "ታዲያ ዳነች ያልሽኝ?"
"ልቧን ነው፣ አባባ። ልቧን ብቻ።"
ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ሆዱን ሰጠኝ።
"በይ ውጊኝ" አለ። "እኔ ከልቤ ጋር አብሬ መትረፍ እፈልጋለሁ።"
ከፍሪጁ ኢንሱሊኑን አምጥቼ ወጋሁት።