ስሙን የማልጠራው አምበል

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ከቀኑ 10፡30

ገመዱን ጠቅልያለሁ። ማይኩን ቆልፌያለሁ። የሚኒ ሚዲያውን ቁልፍ ለጥበቃው መልሻለሁ። ዛሬ በእረፍት ሰዓት ማስታወቂያ ሳነብ ሦስት ጊዜ «ሜኤኤ» ተባልኩ። ሁለቱ ከቧንቧው በኩል። አንዱ ከዘጠነኛ ክፍሎች (እነሱም!)። ክፍል ስገባ ደግሞ አራተኛው ከኋላ ወንበር።

ደብተሬ፣ አዲስ ስለሆንሽ ልንገርሽ። ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ብሩክ ነው። የክፍሌ ልጅ፣ የ11ኛ «ለ» እግር ኳስ ቡድን አምበል። ከፋሲካ በኋላ የሙዚቃ ክበባችን አዳራሽ ውስጥ ዝግጅት ነበረው። ብቻዬን ዘፈንኩ። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለግማሽ ሴኮንድ። ፊት የተቀመጠው ብሩክ ሁለት ጣቱን ግንባሩ ላይ ቀንድ አድርጎ እንደ ፍየል ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጓደኞቹ በስልክ ቀረጹ። በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ያላየኝ የለም።

ከዚያ ወዲህ አልዘፈንኩም። ቲቸር ፍሬህይወት (የሙዚቃ ክበቡም የሚኒ ሚዲያውም ኃላፊ ናት) ትንሽ ዕረፊ ብላ እዚህ አስቀመጠችኝ። ዕረፍት! በአራት ስፒከር ለግቢው ሁሉ እየተሰማሁ።

እበቀለዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ገና አላውቅም። ግን እበቀለዋለሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7። 6ኛ ክ/ጊዜ፣ ሂሳብ

ቲቸሩ ወደ ሰሌዳው ዞሯል። ቶሎ ልጻፍ።

ዜና። የክፍል ለክፍል ዋንጫ ፍጻሜ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው። 11ኛ «ለ» ከ12ኛ «ሀ»። በእኛ ት/ቤት ፍጻሜ ያለ ኮሜንታተር አይጀመርም። የሚኒ ሚዲያው ልጅ በመስኮት እያየ ጨዋታውን በስፒከር ያስተላልፋል። ሜዳው ከሚኒ ሚዲያው ክፍል በታች ስለሆነ ሁሉም ይታያል። የዘወትሩ ኮሜንታተር የ12ኛ ልጅ ነው። ለማትሪክ ላጥና ብሎ ተወው። ቲቸር ፍሬህይወት አንቺ ታስተላልፊያለሽ አለችኝ። ሞቼ ነው ቆሜ! ብዬ ወጣሁ።

7ኛ ክ/ጊዜ።

ቆይ ግን ደብተሬ። ማይኩ እኮ በእኔ እጅ ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት ልሰድበው ነበር። አይሆንም፣ ቲቸር ማይኩን ትነጥቀኛለች። ከስድብ የባሰ አለ። የእኛ ት/ቤት ልጅ ለዋንጫው አይደለም የሚሮጠው፣ ስሙ በስፒከር እንዲጠራ ነው። ስሙ በደንብ የተጠራለት ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። እሺ። ሜዳ ላይ ሃያ ሁለት ልጅ አለ። የሃያ አንዱን ስም እጠራለሁ። የእሱን አልጠራም። አንዴም። ጎል ቢያገባም።

ለቲቸር እሺ አልኳት። እቅፍ አደረገችኝ። ምስኪን።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12። ከቀኑ 9 ሰዓት

የተጫዋቾቹን ስም እየሸመደድኩ ነው። የ12ኛዎቹ ይቀላሉ፣ ሦስቱ ዳዊት ናቸው።

ብሩክ መስኮቱ ጋ መጣ። ብቻውን። ጓደኞቹ ከሌሉ ድምፁም ትንሽ ነው። ቅዳሜ የምታስተላልፊው አንቺ ነሽ አሉ፣ አለ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ ስሜን ስትጠሪ ከነአባቴ ጥሪው፣ ብሩክ ደሳለኝ በዪ፣ አደራ አለኝ። አደራ! ለምን አልኩት። እ... ማለቴ... በቃ እንዲሁ። ስለ ፍየሉ አንዲት ቃል የለም። ይቅርታ የለም። የታየው ስሙ ብቻ ነው።

ችግር የለም አልኩት። ፈገግ ብዬ። ዞር ሲል ልቤ ቅቤ ጠጣ።

አርብ፣ ግንቦት 15

መስታወት ፊት ልምምድ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ከመቼ ወዲህ ነው ኳስ የጀመርሽው ብላ ሳቀች። ስሙ ሁለት ጊዜ ከአፌ አመለጠኝ። «ባለ ዘጠኝ ቁጥሩ» ማለትን ለመድኩ። አሁን አያመልጠኝም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16። ከቀኑ 11 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል አንድ ሽማግሌ በግቢው በር በኩል ግድግዳውን እየዳሰሱ መጡ። ጋቢ ለብሰዋል። ወደ ሜዳ የሚወርደውን ደረጃ በእግራቸው ጫፍ ፈለጉና ተዉት። ዓይናቸው እንደማያይ ያኔ ገባኝ። ከዚህ ይሰማል ወይ ልጄ አሉኝ። በደንብ አልኳቸው። ወንበር አውጥቼ ከስፒከሩ ሥር አስቀመጥኳቸው። የማን አባት እንደሆኑ አልጠየቅኩም። ሰዓት የለም።

ጀመርኩ። እንዴት እንደወጣልኝ! ስሞቹ ከአፌ ተከታትለው ይወጣሉ። ኳሱ ብሩክ እግር ሥር ሲገባ «ባለ ዘጠኝ ቁጥሩ» እላለሁ፣ አልፋለሁ። ሃያኛው ደቂቃ ላይ አገባ። እኔ ምን አልኩ? «ጎል! አቤል ያቀበላት ኳስ! አቤል፣ አንተ ልጅ!» አቤልን እስኪበቃው አሞገስኩት። ያገባውን ዘለልኩት። አልዋሽሽም ደብተሬ፣ እንደ ማር ጣፈጠኝ።

እረፍት ላይ ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። «ልጄ፣ ብሩክ ደሳለኝ የሚባል አለ ከልጆቹ ውስጥ?»

ቀጥ አልኩ። ከነአባቴ ጥሪው ያለኝ ለዚህ ነው።

አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ አለ ልላቸው ነበር። በዚያችው ሰዓት የእኛ ቡድን ሁለት ተቀያሪዎች ውሃ ይዘው ሲያልፉ በመስኮቱ ቀና ብለው «ሜኤኤ» አሉኝ። ፊቴ ጋለ። «እኔ እንጃ አባባ፣ ሁሉንም አላውቃቸውም» አልኳቸው። የሃያ ሁለቱንም ስም በቃሌ ይዤ!

ከእረፍት በኋላ 12ኛዎቹ አቻ አደረጉ። ሊያልቅ ሲል ብሩክ ደገመ። በግንባሩ። «ባለ ዘጠኝ ቁጥሩ!» አልኩ። ሜዳው በጩኸት ተቀወጠ፣ ማን ምን እንደሚል አይለይም። ሽማግሌው ተነሱ። ወንበሩን እየዳሰሱ ወደ ግድግዳው አስጠጉልኝ። ጨዋታው ውስጥ አላስገቡትም መሰለኝ፣ አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ድምፅሽ ጥርት ያለ ነው ልጄ። ኳሱን ያየሁት ነው የመሰለኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሄዱ። ጨዋታው ሳያልቅ።

ብሩክ ሜዳሊያውን እንዳጠለቀ ደረጃውን እየሮጠ ወጣ። አባቴ የታለ? ሄዱ አልኩት። ሜዳ ላይ በጩኸቱ ስፒከሩ አይሰማንም፣ ስሜን ጠራሽልኝ አይደል? አለ። አዎ አልኩት።

ተበቅያለሁ። ታዲያ ለምን አልጣፈጠኝም?

ሰኞ፣ ግንቦት 18። ከቀኑ 10 ሰዓት

ብሩክ በእረፍት መጣ። ሊጣላኝ መስሎኝ ማይኩን እንደ ዱላ ያዝኩ። አልጮኸም፣ ሁሉንም ነገረኝ።

አባቱ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሠሪ ናቸው። ዓይናቸው ከከዳቸው ወዲህ ሥራውን እሱ እንዲይዘው ይፈልጋሉ። ኳሱ እውነት ከሆነ ስምህን በጆሮዬ ልስማ፣ ከሰማሁ ልምምድህን አልከለክልህም ብለውት ነበር። የመጡትም ለዚህ ነው። ሜዳሊያውን እጃቸው ላይ ሲያደርግላቸው ከማን ተዋስከው አሉት። ጓደኞቹ ሄደው ቢነግሯቸው፣ እናንተማ እሱ በሉ ያላችሁን ነው የምትሉት ብለው መለሷቸው። ከአሁን በኋላ ከት/ቤት ቀጥታ ወደ ሸማው። ማሊያውን ለስፖርት መምህሩ ሊመልስ በፌስታል ይዞታል።

አውቀሽ ነው? አለኝ። አውቄ ነው፣ ስለ ፍየሉ አልኩት። እሱ እኮ ቀልድ ነበር አለ።

ቀልድ! ደሜ ፈላ። እሰይ፣ ሸማህን ሥራ አልኩት። መስኮቱን ፊቱ ላይ ዘጋሁበት። ከውስጥ ሆኜ አለቀስኩ። በንዴት ነው። በንዴት ይመስለኛል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19። ከቀኑ 10፡45፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ

ብሩክን ይቅር አላልኩም። ይህን እዚህ ላይ በደንብ ጽፌዋለሁ። ነገ ቢወድቅ ቆሜ አላነሳውም። ቀልድ ነበር ላለው ደግሞ ሌላ ቀን አለኝ።

ሽማግሌው ግን ምን አደረጉኝ? ኳሱን ያየሁት ነው የመሰለኝ ብለው አመስግነውኝ ሄዱ። ያሳየኋቸው ልጃቸውን ቀንሼ ነው። የጓደኞቹን አያምኑም፣ የእኔን ግን አምነዋል። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ከእሱ ጋር የነበረኝን ቂም በእሳቸው ላይ ነው የተወጣሁት።

ቲቸር ፍሬህይወት ለዛሬ ፈቅዳልኛለች፣ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። የቤታቸውን መንገድ አቤል በወረቀት ሥሎ ሰጠኝ። ብሩክ አያውቅም። እንዲያመሰግነኝ አልፈልግም፣ ለእሱ አይደለም። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሁለት ታክሲ ሞልቶ ሄደ። እማዬ ደውላለች፣ አላነሳሁም።

እዚያ ስደርስ የምለውን ወስኛለሁ። አባባ፣ የቅዳሜዋ ልጅ ነኝ። ጨዋታውን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ልድገምልዎት። ሁለቱንም ጎል ያገባው ብሩክ ደሳለኝ ነው፣ ስሙን የደበቅኩብዎት እኔ ነኝ። ለምን ካሉኝ ፍየሉንም እነግራቸዋለሁ፣ ያንንም ይስሙት። ቢያባርሩኝ በራቸው ላይ ቆሜ እጮኻለሁ። ድምፄ ቢሰነጠቅም ይሰንጠ...

ተራዬ ደረሰ።