ሁለት ስም ያለው ገደል

መጋቢት 3
ዛሬም ለቢሮው ካርታ የቦታ ስም ለቀማ። አክስቴ ደጃፍ፣ መቅረጫው መሀላችን። “ይሄ ዕቃሽ ደግሞ ነገር ያቀብላል” ብላ አሳቀችኝ። የወንዙን ማዶ ጨረስን። ገደሉ ላይ ስንደርስ ኮስተር አለች።
“ንብ ማጠጫ ነው። አገሩ ሁሉ ሲደርቅ እዚያ አለቱ ሥር ውሃ አይጠፋም። ንቦቹ ያውቁታል።”

መጋቢት 5
ጋሽ ንቡ ጋ። ንብ አርቢ ስለሆኑ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚላቸው። ለዚያው ገደል የሰጡኝ ስም፦ “የታናሽ ማረፊያ።”
ታናሽ ወንድማቸው የወደቀው እዚያ ነው። መድኃኒት ሥር ሊቆፍር ወጥቶ... የላከችው አክስቴ ናት፤ ለታመመች ሕፃን። ሕፃኗ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ዓይንና ናጫ።
የቢሮው ደንብ ደግሞ አይነቃነቅም። ሽማግሌዎች ለየብቻ ይጠየቃሉ። ሁለት አፍ አንድ ካላለ ስሙ ካርታ ላይ አይገባም።

መጋቢት 8
ገደሉ ላይ ቀይ ካስማ ተተክሏል! ድንጋይ ፈላጮች ቦታው ይሰጠን ብለው ጠይቀዋል። “ስም ከሌለው የማንም አይደለም ባዮች ናቸው” አለ አለቃዬ። “ካርታው ሐሙስ ይዘጋል።”
አለቱ በድማሚት ከተናጋ ውሃው የት ይገባል?

መጋቢት 9
ስለ ካስማው ለሁለቱም ነገርኳቸው። እሷ፦ “እሱ ግትር ነው።” እሳቸው፦ “እሷ ግትር ናት።” ልዝቡ ማን ነው ታዲያ? አክስቴ ላይ ጮህኩ። “በእናንተ ኩርፊያ ውሃው ይጥፋ?” ተነሥታ ቤት ገባች።

መጋቢት 11፣ ረቡዕ
ራሷ አስጠራችኝ። “ክፈቺው ዕቃሽን። የታናሽ ማረፊያ ነው የሚባለው።” ከዚያ ቀስ ብላ፣ “የሰው ልጅ ልኬ ሳልመልስ ቀረሁ። ስሙ እንኳ ይትረፍለት።”
እየበረርኩ ቢሮ ገባሁ። ለካ ጋሽ ንቡ ጠዋት መጥተው ለባልደረባዬ ቃላቸውን ቀይረዋል! “ንብ ማጠጫ በሉት። የሞተ ውሃ አይጠማውም።”
ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እንደገና ተለያዩ... ነገ ሐሙስ!

መጋቢት 12
ደንቡን ጣስኩ። የአንዱን ቃል ለሌላው ማሰማት ክልክል ነው። አክስቴን እየጎተትኩ ወስጄ ጋሽ ንቡ በር ላይ አቆምኳት፣ ሁለቱንም ቅጂ አሰማኋቸው።
“ማን ለመነሽ?” አሏት።
“አንተንስ ማን ለመነህ?”
ስንት ዘመን ተዘጋግተው ከርመው የመጀመሪያ ቃላቸው ይሄ! ከዚያ ጭቅጭቁ ቀለጠ፤ እሷ የሳቸውን ስም፣ እሳቸው የሷን ስም ይዘው ሙጭጭ። ሰዓቱ ይነጉዳል። “ሁለታችሁም ሁለቱንም በሉ!” አልኩ፣ መቅረጫውን ከፍቼ። ተያዩ። አሉ። የቢሮው በር ሊዘጋ ሲል ደረስኩ።

መጋቢት 20
ካርታው ወጣ። ሁለቱም ስም አለበት፤ ካስማው ተነቅሏል። እኔም ተነቅያለሁ፣ ከመስክ ሥራ ወደ መዝገብ ቤት። ይከፋኛል፤ አልዋሽም።
ከሰዓት ሦስታችን ወጣን። ንቦቹ ውሃው ዳር ሰፍረዋል። አክስቴ ልይ ብላ ወደ ጠርዙ ስትጠጋ ጋሽ ንቡ ክንዷን ያዝ አደረጓት።
“በዚህ አይደለም” አሏት። “እዚህ ጋ ድንጋዩ ይከዳል። በኔ በኩል ነይ።”