ከዜሮ በታች ያለችው ሰዓት

ይድረስ ለወንድሜ ለበድሪ፣ ጅዳ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ወንድምዓለም እንዴት ነህ? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ የጅዳው ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ናፍቆትህ ብቻ ነው።

ለምርቃትሽ ፈቃድ ልጠይቅ ወይ ስትለኝ ቆይ ያልኩህ መምጣትህን ጠልቼ አይደለም። የመመረቂያ ሥራዬን ገና አላቀረብኩም ነበርና ብወድቅስ ብዬ ፈርቼ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ መጥተህ ከተመራቂው መሀል ብታጣኝ ምን ይውጠኝ ነበር?

ሥራዬ በኮምፒውተር እኩልታ የሚፈቱ ሁለት ትዕዛዞችን ማወዳደር ነው። ሶልቭ የሚባለው ያሉትን መልሶች ሁሉ ለቅሞ ያወጣል፤ እኩልታው ከተወሳሰበበት ግን ያንኑ ጥያቄዬን መልሶ ይሰጠኛል። ፋይንድ ሩት ደግሞ ለከባዱም አይበገርም፤ ነገር ግን ከዚህ እስከዚህ ፈልግ ካላሉት አይንቀሳቀስም፣ የሚያመጣውም አንድ መልስ ብቻ ነው። የዶርም ጓደኛዬ ረዲያ፣ ሶልቭ ቁርጥ አንቺን ነው፣ ሲቸግርሽ ጥያቄውን መልሰሽ ትጠይቂያለሽ ብላ ስቃብኛለች።

ለምሳሌ የወሰድኩት የእማዬን የጫት ጭነት ነው። ቀድሞ ቢነሳ ገዢ የለ፣ ቢዘገይ ይጠወልጋል፤ ታዲያ መኪናው ከሂርና ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ቢነሳ አያከስርም? ትርፍና ኪሳራ የሚለዩባቸውን ሰዓቶች በእኩልታ አስቀምጬ፣ ፋይንድ ሩትን ከዜሮ ጀምረህ ፈልግ ብለው ስድስት አለኝ። ሶልቭ ግን ስድስትና ኔጌቲቭ አንድ አለ። ከዜሮ በታች ሰዓት የለም ብዬ ኔጌቲቭ አንድን ጣልኳትና ፋይንድ ሩት ይበልጣል ብዬ ጻፍኩ።

ሳቀርብ ፈታኜ ዶክተር ኪሮስ፣ ዜሮ ያልሽው ስንት ሰዓት ነው ብለው ጠየቁኝ። የጠዋቱ አስራ ሁለት አልኳቸው። እንዳልኩ ስህተቴ ታየኝ። ከአስራ ሁለት አንድ ሲቀነስ አስራ አንድ ነዋ! የሂርና ልጅ ሆኜ፣ እማዬ ጎህ ሳይቀድ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ጭነቷን ስትሸኝ እያየሁ አድጌ! ሳቄ አመለጠኝ፣ እሳቸውም ሳቁ። እዚያው ሰሌዳው ላይ አረምኩት፤ መጀመሪያ በሶልቭ መልሱን ሁሉ ማየት፣ ሶልቭ ሲያቅተው ወደ ፋይንድ ሩት መሄድ፣ ያኔም ከየት ፈልግ እንደምንለው ማሰብ አልኩ። አስወጥተውኝ ተመካከሩና ጠሩኝ። አለፍኩ፣ በድሪ!

ታናሻችን ሳቢር አሁን በቁመት በልጦኛል፣ ሰላም ይልሃል። ረዲያም ሰላም ብላሃለች። ባለቤትህን ኡምኩልሱምን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ልጃችሁንም፣ በስልክ እንጂ በዓይኔ ያላየኋትን። እማዬ ማለፌን በስልክ ስነግራት ስለ ፈተናው አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። በድሪ ሊመጣ ነው ማለት ነው ብላ አለቀሰች። ፈቃድህን ጠይቅ።

እህትህ ዘይቱና
ጭሮ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.